ከጉዛራ ግንብ መልስ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ዘመናችን! አድራሻህን በቀደም እህትህ ሰጠችኝ፤ ደስታዬን አትጠይቀኝ። የሆድ የሆዳችንን ቀስ ብለን እናወራለን። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ጉዛራ ወጣሁ!

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንሄድ፣ እንፍራንዝ ላይ በመኪና መስኮት እያየነው የምናልፈው ኮረብታ ላይ ያለው ግንብ ነው። «አንድ ቀን ወርደን እናየዋለን» እንዳልን ቀረን። ዘንድሮ ወረድኩ።

ዳገቱ ትንሽ ያስተነፍሳል። ላይ ስትደርስ ግን ጣና ከፊትህ ተዘርግቶ ታየዋለህ። ንጉሡ ቦታውን ለምን እንደመረጠው ያኔ ይገባሃል። የሚመጣ ሰው ካለ ገና ከሩቅ ይታያል።

ግንቡን የአገሬው ሰው የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይላል። እሳቸው የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነው። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 መሆኑን አስብ። ከዚያ በፊት እኮ ቤተ መንግሥት ማለት ድንኳን ነበር። የአካባቢው እንጨትና እህል ሲያልቅ ሰፈሩ ተነቅሎ ይሄዳል። በድንጋይ መሥራት ማለት እንግዲህ «እዚህ እቀመጣለሁ» ማለት ነው።

አንተ ግንበኛ ስለሆንክ ስለ ግድግዳው ላጫውትህ። ድንጋዩ ብዙም አልተጠረበም። ትልልቁ መሃል ትንንሹ እየተወተፈ፣ በኖራ ተያይዞ ነው የቆመው። መጋጠሚያውን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ባደርገው ንቅንቅ የለም። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ማማዎች ደግሞ ክብ ናቸው። ሾል ያለ ማዕዘን ለማውጣት የተጠረበ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ክብ ግን ያልተጠረበውንም ይቀበላል። ውበቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ባለሙያዎቹ በእጃቸው ካለው ድንጋይ ጋር ተስማምተው ነው የሠሩት።

ለእኔ ከፋሲል ግንብ ይልቅ ይሄ ነው ልቤን የወሰደው። ፋሲል ግንብ ግርማው ያስደነግጣል፤ ግንቡ እንዴት እንደተሠራ ግን ቶሎ አይታይህም። ጉዛራ ላይ የፈረሰው በኩል የግድግዳውን ሆድ ዕቃ ያሳይሃል። እዚያ ብዙ ቆየሁ። በስንጥቁ የበቀለውን ቁጥቋጦ ሳይ ግን አንጀቴ ተላወሰ፤ ሥሩ ውሎ አድሮ ድንጋይ ያንቀሳቅሳል። ከፋሲል ግንብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ቦታ እኮ ነው! ስንቱ መኪና ግን ከሥሩ ዝም ብሎ ያልፋል።

አንድ ክርክር አለ፣ የአንተን ሐሳብ እፈልጋለሁ። የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር ናቸው) ሚሲዮናውያን ጽሑፎች ኖራ ለግንባታ መዋል የጀመረው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በ1620ዎቹ ነው ይላሉ። በዚህ የተነሳ ግንቡ ከሠርፀ ድንግል በኋላ የተሠራ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔ የአገሬውን ቃል ለመተው ልቤ እሺ አላለኝም። በቀድሞው ግንብ ላይ በኋላ በኖራ ታድሶ ቢሆንስ?

የግድግዳውን ፎቶዎች በቴሌግራም እልክልሃለሁ። የታችኛውንና የላይኛውን ኖራ አስተያይተህ አንድ እጅ የሠራው ይመስልህ እንደሆነ ጻፍልኝ። አገር ስትገባ ደግሞ ቀድመህ ንገረኝ፤ አብረን እንወጣለን።

ወዳጅህ