የሒሳብ ክበብ፦ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ምክንያት

ክበባችን ዘንድሮ ጥቅምት ላይ በ14 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ሠራን፦ የአልጀብራ ጥያቄን መስመር በመስመር መፍታት፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጎንም ምክንያቱን መጻፍ። ይህን የመረጥኩት የምርጫ ጥያቄ ልጆቻችንን መልስ ፈላጊ ብቻ እያደረጋቸው መሆኑ ስለሚያሳስበኝ ነው። ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት ትክክለኛውን ያከብባሉ፤ እንዴት እንደደረሱበት ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ።

በመጀመሪያው ዓርብ −3(ኤክስ − 4) = 6 ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወጥታ ቅንፉን ፈታች፤ −3ኤክስ − 12 = 6። ቀጠለችና ኤክስ = −6 አለች። ተሳስተሻል አላልኳትም። «መልስሽን ወደ ጥያቄው መልሰሽ አስገቢው» አልኳት። −6 ላይ 4 ሲቀነስ −10፣ በ−3 ሲባዛ 30። ጥያቄው 6 ነው የሚለው። ጠመኔውን እንደያዘች ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እያነበበች ሄዳ −12 ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሁለት ኔጌቲቮች ሲባዙ ፖዘቲቭ ነው፤ +12 መሆን ነበረበት። ኤክስ 2 ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን ሳያስገባ ከሰሌዳው የሚወርድ አልነበረም።

ለረጅም ጊዜ የታገልነው «ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» ከሚለው አባባል ጋር ነው። የሚሻገር ነገር የለም። የባለሱቅ ሚዛን ከአንዱ ወገን ሲነሳለት ከሌላውም ያንኑ ያህል ካልተነሳ ያዘነብላል፤ እኩልታም እንደዚያው ነው። አባባሉን ከልጆቹ አፍ ለማስጣል እስከ ጥር ፈጀብን።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ካሬ እኩልታ ገባን። አልጀብራ ስሙን ያገኘው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከነበረው ከአል-ኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ርእስ ነው፤ «አል-ጀብር» ማለት መጠገን ነው፣ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት እንደሚጠግነው። የእርሱን ዝነኛ ጥያቄ በካርቶን ሠራነው፦ የአንድ ቁጥር ካሬና የቁጥሩ 10 እጥፍ ሲደመሩ 39 ይሆናሉ። አንድ ካሬ ቆረጥን፤ 10ሩን ለሁለት ከፍለን ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ቁራጮች ከሁለት ጎኑ አስጠጋን። ጥጉ ላይ 5 በ5 የሆነ ቦታ ጎደለ። 25 ሞላንበት፤ 64 ሆነ፣ ጎኑ 8፣ 5 ሲቀነስለት 3። ቀመሩን በቃላቸው የያዙት የ10ኛ ክፍል ልጆች እንኳን ከየት እንደመጣ ያዩት ያን ዕለት ነው። አንዱ ወዲያው «−8ስ? እርሱም በራሱ ሲባዛ 64 ነው» አለ። አስገባነው፤ −13ም ይሠራል! ጎኑ ኔጌቲቭ የሆነ ካርቶን ስለማይቆረጥ ሥዕሉ ብቻውን ሊያሳየን አልቻለም ነበር።

እስከ ሰኔ የዘለቁት 11 ናቸው። የሥራ ደብተሮቻቸው፣ ስህተቶቹ ሳይፋቁ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠዋል። ለከርሞ የሚመዘገቡ ተማሪዎች ቀድመው እንዲያነቧቸው እጠይቃለሁ።