“ከማንኛውም ኮምፒውተር ጋር ይሠራል” ተብሎ ስለተሸጠልኝ ሪሞት የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ኮምፒውተር ማስነሳት ስለማይችልና አሠራሩ ለገዢ ስላልተገለጸ ሪሞት

ከሁሉ አስቀድሜ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከድርጅታችሁ የገዛሁት፣ ለሳሎን ኮምፒውተር ተብሎ የተዘጋጀው ሪሞትና በዩኤስቢ የሚሰካው መቀበያው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሥራ መሥራት ስላልቻሉ ነው። ቀደም ሲል በስልክም በኢሜይልም አመልክቻለሁ። የተሰጠኝ መልስ ጉዳዩን ስላልነካው አሁን ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ደብዳቤው ከእናንተ ክፍል አልፎ ምርቱን ለሚያዘጋጁት ባለሙያዎች እንዲደርስልኝም እጠይቃለሁ።

ቤታችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ድምፅ የማያሰማ አነስተኛ ኮምፒውተር አለ። ሊኑክስ የተባለው ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ያለ) ተጭኖበታል፤ በላዩ ላይ ፊልምና ሙዚቃ ማጫወቻው ኮዲ ይሠራል። ፊልሙም፣ ሙዚቃውም፣ የቤተሰቡ ፎቶም ያለው እሱ ላይ ነው። ከማናችንም በላይ የምትጠቀምበት እናቴ ናት። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የቅርብ ነገርም አጥርታ አታይም። ኪቦርድ ጭኗ ላይ አድርጋ ፊደል እየፈለገች እንድትጠቀም ማድረግ አይቻልም። የምፈልገው ሪሞት እንግዲህ ይህ ነበር፦ በጨለማም ቢሆን በጣቷ ዳብሳ የምታገኛቸው ጥቂት ቁልፎች ያሉት፣ ስትጫነው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ፣ መልሳ ስትጫነው የሚያስተኛ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ኃይል እየቆጠበ እንዲያርፍ የሚያደርግ።

ካርቶናችሁ ላይ “ከማንኛውም ኮምፒውተር ጋር ይሠራል” እና “ኮምፒውተርዎን ያበራል፣ ያጠፋል” ተብሎ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አምኜ ገዛሁ። ሁለቱም እውነት ሆነው አላገኘኋቸውም።

ከማብራቱ ልጀምር፤ ለእኛ ቤት ትልቁ ጉዳይ እሱ ነውና። ቀዩን ቁልፍ ስንጫን ኮምፒውተሩ ወዲያው ይተኛል። መልሰን ስንጫነው ግን አይነሳም። እናቴ አንዴ ካጠፋችው በኋላ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች፤ አለዚያም ግድግዳውን ተደግፋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ለመፈለግ ትሞክራለች። ይህን እንድታደርግ አልፈልግም። ሪሞቱን የገዛሁትም ይህን እንዳታደርግ ነው።

የድጋፍ ሠራተኛችሁ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን እንድቀይር፣ ቀጥሎም ሲስተሙን እንደ አዲስ እንድጭን መከሩኝ። ድንጋዩ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ማስተኛቱም ባልሠራ ነበር። ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫንም ለዚህ ችግር መፍትሔ የማይሆንበትን ምክንያት ላስረዳ። የተኛ ኮምፒውተር በዩኤስቢ መሣሪያ እንዲነሳ፣ በመጀመሪያ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) በተኛበት ጊዜም ለዩኤስቢው 5 ቮልት መስጠቱን መቀጠል አለበት፤ ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ ኢአርፒ የሚባለው የኃይል ቁጠባ ምርጫ በርቶ ከሆነ ይህ ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ ይችላል። ከዚያ ሲስተሙ ያ መሣሪያ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ መፍቀድ አለበት። እነዚህ ሁለቱ የገዢው ድርሻ ናቸው ማለት ይቻላል። የቀረው ግን የአምራቹ ነው፤ መቀበያው ሲሰካ ስለ ራሱ ለኮምፒውተሩ በሚያቀርበው መግለጫ ውስጥ መቀስቀስ እንደሚችል ማሳወቅ አለበት። ይህም በመግለጫው ውስጥ አንዲት ቢት ናት፤ አንድ ከሆነች “እችላለሁ”፣ ዜሮ ከሆነች “አልችልም” ማለት ነው።

ኢአርፒ በእኛ ኮምፒውተር ላይ ጠፍቷል። ፈቃዱም ተሰጥቷል። እዚያው ቀዳዳ ላይ ተራ ኪቦርድ ሲሰካ ኮምፒውተሩ የትኛውም ፊደል ቢነካ ይነሳል። የመቀበያችሁን መግለጫ አውጥቼ ሳነበው ግን ያቺ ቢት ዜሮ ሆና አገኘኋት። ችግሩ ስለዚህ ከድንጋዩም፣ ከሲስተሙም፣ ከማዘርቦርዱም አይደለም። ይህ መቀበያ ሲሠራ ጀምሮ ኮምፒውተር እንዲቀሰቅስ አልታሰበም፤ ካርቶኑ ግን “ያበራል” ይላል። የስልክ ሠራተኞቻችሁን አልወቅስም። በትሕትና አነጋግረውኛል፤ የማያውቁትን እንዲያውቁ ያላደረጋቸው ድርጅቱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኦኬ የሚለው ቁልፍ ነው። በሪሞት ላይ ኦኬ ካልሠራ ቀስቶቹ ብቻቸውን የትም አያደርሱም፤ ፊልሙ ላይ ደርሶ መክፈት አይቻልም። መቀበያችሁ ቀስቶቹን እንደ ኪቦርድ ቀስቶች አድርጎ ይልካል፤ ይህ ትክክል ነው። ኦኬን ግን እንደ ኪቦርዱ ኢንተር ሳይሆን፣ ለመልቲሚዲያ መሣሪያዎች በተመደበው ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ ባለ ኮድ ይልከዋል። ሊኑክስ ያንን ኮድ ተቀብሎ 353 የሚል የቁልፍ ቁጥር ይሰጠዋል። ኤክስ11 የሚባለው የመስኮት ሥርዓት ደግሞ ከ255 በላይ የሆነ የቁልፍ ቁጥር አያስተላልፍም። በመሆኑም ኦኬ ሲጫን ኮዲ ዘንድ የሚደርስ ምንም ነገር የለም። እኔ ኮዱን ወደ ኢንተር የሚያዞር ፋይል ጽፌ ስላስገባሁ አሁን ይሠራል። እንዲህ ያለ ፋይል መጻፍ የማይችል ሰው ግን ሪሞቱ ተበላሽቶ እንደመጣ ይቆጥራል፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ከጅምሩ ኢንተር ብታደርጉት ኖሮ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ያለ ምንም ድካም ይሠራ ነበር። “ከማንኛውም ኮምፒውተር ጋር” የሚለውን ቃል የሚያስከብረው እንዲህ ያለው ምርጫ ነው።

ከቀስቶቹ በላይ ያለውን ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍም አንስቼ ልለፍ። የዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተር ማስጀመሪያ ነው። ማይክሮሶፍት ያንን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ከዊንዶውስ 10 አስወጥቶታል። በሪሞቱ ላይ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ቁልፍ ዛሬ የሚከፍተው ነገር የለም፤ እናቴ ደግሞ ዓይኗ ቶሎ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሪሞቱ ኢንፍራሬድ ይሁን ሬዲዮ በካርቶኑ በየትኛውም ገጽ ላይ አለመጻፉ ነው። ከፍቼ የውስጡን ወረቀት ሳነብ ነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ እንደሚሠራ የተረዳሁት። ለሳሎን ኮምፒውተር ሪሞት የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት ይህንኑ ነው። ኢንፍራሬድ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ስለሆነ መቀበያው ፊት ለፊት መታየት አለበት፤ ኮምፒውተሩ የእንጨት በር ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አይሆንም። ለዚያ ሰው ሬዲዮ ይሻለዋል። እኛ ቤት ግን መቀበያውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስለዚህ የምመርጠው ያለ ጥርጥር ኢንፍራሬድ ነበር።

ምክንያቴ ግልጽ ነው። የቴሌቪዥናችንም ሆነ የአምፕሊፋየራችን ሪሞቶች ኢንፍራሬድ ናቸው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሪሞቶች ብርሃኑን ከ36 እስከ 40 ኪሎኸርዝ ባለው ፍጥነት እያብለጨለጩ ኮዳቸውን ይልካሉ፤ ኮድ የሚማር ሪሞት ደግሞ ይህንን ቀድቶ ሁሉንም በአንድ እጅ ያስገባል። የእናንተን ሪሞት ማንም ኮድ ተማሪ ሪሞት ሊቀዳው አይችልም፤ ብርሃን አይልክምና። እሱም በበኩሉ ቴሌቪዥኑን ማብራት ወይም የአምፕሊፋየሩን ድምፅ መጨመር አይችልም። እናቴ አንድ ሪሞት እንድትይዝ አስቤ ስገዛ ሌላ ተጨማሪ ሪሞት ይዤላት ገባሁ። ቢጠፋም ሌላ ችግር አለ፤ የኢንፍራሬድ ሪሞት ቢጠፋ ያንኑ ኮድ የሚልክ ማንኛውም ሪሞት ይተካዋል፤ የእናንተ ግን ከራሱ መቀበያ ጋር ብቻ የተጣመረ ስለሆነ ሁለቱንም እንደ አዲስ መግዛት ግድ ነው። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ መሣሪያዎችን በአንድነት የሚያዙትን ሃርመኒ የተባሉ ሪሞቶች ማምረት እንደሚያቆም ካስታወቀ ወዲህ ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ሪሞት ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠቧል። ስለዚህም ነው የቀሩት አምራቾች የሚሸጡትን በግልጽ መናገር ያለባቸው።

ሬዲዮው ራሱም በአግባቡ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ነገር ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። የዩኤስቢ 3 ቀዳዳና ገመድ ሥራ ላይ ሲሆኑ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ እንደሚፈጥሩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። እኛም ፊልሞቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ አጠገብ መቀበያው ሲሰካ ቁልፎቹ አንዴ ይሰማሉ፣ አንዴ አይሰሙም ነበር። በአጭር ማራዘሚያ ገመድ መቀበያውን ከዲስኩ ራቅ ስናደርገው ተስተካከለ። ገመዱን ከካርቶኑ ጋር መጨመር ባይቻል እንኳ አንድ መስመር ማሳሰቢያ መጻፍ ይቻል ነበር።

እውነቱ በካርቶኑ ላይ ቢጻፍ ኖሮ በእጄ ሌሎች ምርጫዎች ነበሩ። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ 13ኛው ፒን የሚያልፈው፣ ሲኢሲ የተባለው የትእዛዝ መስመር አንዱ ነው፤ በሱ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ራሱ ኮዲን ያዛል። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ እያሉ የሚጠሩት ይህንኑ ነው። ራስበሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳይጨመርበት ይሠራል፤ የተለመዱት የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች ግን አብዛኞቹ ስለማይደግፉት ለብቻው የሚሸጥ አስማሚ ይጠይቃል። ያንን አስማሚ ገዝቼ እናቴን በለመደችው የቴሌቪዥን ሪሞት ላይ ማቆየት እችል ነበር። ወይም ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ መስሎ የሚቀርብ፣ መቀስቀስም የሚችል የኢንፍራሬድ መቀበያ እመርጥ ነበር። የስልክ መተግበሪያውን አውቀዋለሁ፤ ለኮዲ ኮር የሚባለው ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለእናቴ ግን አይሆናትም። የስልክ መስታወት ላይ በጣት የሚዳበስ ቁልፍ የለም።

በመጨረሻው ጥሪዬ ላይ ሠራተኛችሁ በአየር ላይ እየተንቀሳቀሰ ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሰውን ኤር ማውስ እንድገዛ ሐሳብ አቀረቡልኝ። እጇ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንደምትጠቀምበት ከጅምሩ ነግሬያቸው ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ ወደ ስክሪኑ ያስተላልፋል፤ ለእሷ ትንሿ ምልክት ላይ ጠቋሚ ማሳረፍ ጭንቀት ነው። ከዚያ ጥሪ በኋላ ማመልከቻዬ “ችግሩ ተፈትቷል” ተብሎ ተዘጋ። አልተፈታም፤ እንዲከፈትም እጠይቃለሁ።

የሪሞቱን ጥሩ ጎንም መናገር አለብኝ። ቁልፎቹ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ቀስቶቹ ከሌላው በቅርጻቸው ስለሚለዩ እናቴ ሳታይ ታገኛቸዋለች። አያያዙም ይመቻል። ይህን የቀረጸው ሰው ስለ እጅ በደንብ አስቧል። እንዲህ ያለ ሪሞት መቀስቀስ በማይችል መቀበያ ምክንያት ከንቱ ሲሆን ማየት ያሳዝናል፤ ቅሬታዬን በሁለት መስመር ጨርሼ ዕቃውን ያልጣልኩትም ስለዚህ ነው።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። መቀስቀስ የሚችል መቀበያ ካላችሁ፣ ወይም የዚህን መቀበያ ውስጣዊ ሶፍትዌር አድሳችሁ መቀስቀስ እንዲችልና ኦኬን እንደ ኢንተር እንዲልክ ማድረግ ከቻላችሁ፣ እሱን ላኩልኝ፤ ሪሞቱን በደስታ አስቀረዋለሁ። ካልተቻለ ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ፤ የማጓጓዣውም ወጪ በድርጅቱ ይሸፈን፤ ጉድለቱ ከአጠቃቀም የመጣ አይደለምና። ካርቶኑን ከነሙሉ ዕቃውና ከነደረሰኙ አስቀምጬዋለሁ።

ከእኔ በኋላ ለሚገዙትም ስል፣ “ያበራል” የሚለው ቃል እውነት እስኪሆን ድረስ ከካርቶኑ ላይ እንዲነሳ እጠይቃለሁ። በምትኩ ሪሞቱ በሬዲዮ እንደሚሠራ፣ ቴሌቪዥን እንደማያዝዝና የተኛ ኮምፒውተር እንደማያስነሳ ይጻፍ። እያንዳንዱ ቁልፍ ለኮምፒውተሩ ምን ኮድ እንደሚልክ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥም ከመመሪያው ጋር ይውጣ። ባለሙያዎቻችሁ ይህ ሠንጠረዥ እጃቸው ላይ እንዳለ አልጠራጠርም፤ ያለሱ መቀበያውን ሊሠሩት አይችሉምና። ለስልክ ሠራተኞቻችሁም ይሰጣቸው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ስለ መቀበያው መግለጫ የጻፍኩትን ማረጋገጥ የሚፈልግ ባለሙያ ካለ ያነበብኩትን ሙሉ ውጤት ወዲያውኑ እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ደንበኛችሁ