ጉዳዩ፦ በሐሙስ ስላልመጣው ጉዝጓዝና በአርብ ስለተሰጠን መልስ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ስለ ትዕዛዙ ዝርዝር አልጽፍም። መቼ እንዳዘዝን፣ ምን ያህል እንደከፈልን፣ ምን እንደተባባልን ሁሉ ቢሮአችሁ ፋይል ውስጥ አለ። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳና ከሀ ጀምሬ እንድተርክለት ያደርገኛል። ዛሬ ይቅርብኝ። ለፈረሶቻችን ጋጣ ጉዝጓዝ እንዲሆን ናሙና አይተን የእንጨት ፍቅፋቂ አዘዝን፤ የላካችሁልን ግን ሰጋቱራ ሆነ፤ ይህን ማለት ይበቃኛል። የምጽፈው ስለ አንድ ሐሙስና ስለ ማግስቱ አርብ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የሽያጭ ሠራተኛችሁ ራሱ ደወለ። ለወትሮው የምደውለው እኔ ስለሆንኩ ደስ አለኝ። «ያ የተበላሸው ይነሳላችኋል፤ በናሙናው ዓይነት ፍቅፋቂ እንቀይርላችኋለን። ማታ 12 ሰዓት ላይ መኪናው በራችሁ ላይ ነው። ጋጣውን ባዶ አድርጋችሁ ጠብቁን» አለኝ። «ሙሉ በሙሉ ባዶ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎ፣ ወለሉ ታጥቦ ይድረቅ፤ ልጆቹ እንደመጡ ይጎዘጉዙታል» አለ። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። እሱ ነው።

ታዘዝን። ፈረሶቹን የሚያዩልን ጋሼ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ያንን የእናንተን አቧራ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲጠርጉ ዋሉ። ሊሾው ታጠበ፣ ደረቀ። ተርፎን የነበረውንም የጤፍ ጭድ ላም ላላቸው ጎረቤታችን ሰጠን። ምን እናድርገው? አዲስ ጉዝጓዝ እየመጣ ነው ተብሏል።

12 ሰዓት ሆነ፤ መኪና የለም። ስደውል «መንገድ ላይ ነው» ተባልኩ። ቆይቶ ሹፌሩ ደወለና «ጃንሜዳ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ከክፍለ ሀገር ትናንት የገባ እንግዳ ቢጠይቀኝ አይገርመኝም። በየዓመቱ ጥር 11 ግማሽ ከተማው የሚተምበት ሜዳ ነው። በ2012 በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር ደግሞ ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ ሁሉ መንገዱን በቃሉ አጥንቶታል። ለማንኛውም ከስድስት ኪሎ ጀምሬ አስረዳሁት። «እሺ፣ ደረስኩ» አለ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። የእሱም፣ የሽያጭ ሠራተኛውም፣ የቢሮውም።

ክረምት ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም። ፈረሶቻችን ያን ሌሊት እርጥብ አየር በሚነፍስበት ጋጣ፣ ባዶ ሊሾ ላይ አደሩ። ቦራዋ ጎኗን ሳታሳርፍ ነጋ። ዳማው ግን ወጣት ነውና ችሎ መቆም አልቻለም። ሲተኛና ሲነሳ ሲንሸራተት አድሮ ሁለቱም የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያው ላይ ተላጡ። ሐኪም አይቶታል፤ የከፈልንበት ደረሰኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

አሁን ወደ አርብ ልምጣ።

አርብ ጠዋት ከጋሼ ጋር ቢሮአችሁ መጣን። ከመጣልን ዕቃ አንድ ፌስታል ሙሉ ይዘናል፣ ናሙናውንም ይዘናል። ያው የሽያጭ ሠራተኛ ተቀምጧል። ሰላም አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ፈረሶቹ ሲሚንቶ ላይ እንዳደሩ ስነግረው ሳቀ። ቃል በቃል ያለኝ ይህ ነው፦ «ፈረስ ቆሞ አይደል እንዴ የሚተኛው? ታዲያ ጉዝጓዝ ምን ያደርግለታል?» አጠገቡ ያሉትም አብረው ሳቁ። ጋሼ ከፌስታሉ ዘግነው ሊያሳዩት እጃቸውን ሲዘረጉ ደግሞ «አንተ፣ ጠረጴዛዬን አታቆሽሽ!» አላቸው።

እኔን «አንቺ» ማለቱን ልለፈው። የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ግን በእሱ አፍ «አንተ» ተባሉ። ጋሼ አልመለሱለትም። ዕቃውን ወደ ፌስታሉ መልሰው «እንሂድ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን ያንን ጥያቄ መልስ ሳልሰጠው መሄዴ ከነከነኝ። ስለዚህ መልሱን ለእርስዎ እጽፋለሁ፤ እባክዎ ያስተላልፉልኝ።

ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ እውነት ነው። የእግሩ ጅማትና መገጣጠሚያ ተቆልፎ ስለሚይዘው ሳይወድቅ ማሸለብ ይችላል። ጭልጥ ያለውን እንቅልፍ ግን ቆሞ አያገኘውም። ለዚያ የግድ መሬት ላይ መተኛት አለበት። ብዙም አይፈልግም፤ በቀን ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ያቺን ከተከለከለ ግን ከቀናት በኋላ ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቦታው ካልተመቸው፣ ከቀዘቀዘው ወይም ካንሸራተተው አይተኛም። ጉዝጓዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሌላም ሥራ አለው፤ ሽንቱን ይመጥጣል። ካልመጠጠ ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ያፈርሰውና አሞኒያ ይሆናል። ዓይን የሚያቃጥለው ያ ሽታ እሱ ነው። ፈረስ ደግሞ እንደ እኛ በአፉ መተንፈስ አይችልም። በጋጣው አየር ላይ ያለ ነገር ሁሉ መግቢያው አንድ ነው፤ አፍንጫው።

አሁን የላካችሁትን ዕቃ ከዚህ ጋር ያገናዝቡት።

ናሙናው ጥሩ ነበር። አልዋሽም። የፈረንጅ ጥድ፣ በመላጊያ የተላገ፣ ሰፋ ሰፋ ያለና የተጠቀለለ ፍቅፋቂ። ደርቋል፣ አቧራ የለውም፣ ሽታው ደስ ይላል። በእሱ ተማርከን ነው ከጭድ የወጣነው። የመጣልን ግን ሰጋቱራ ነው። ያውም ከመጋዝ ሥር የተጠረገ፣ በሶ የመሰለ ሰጋቱራ። ማዳበሪያው ሲፈታ ጋጣው ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም ነበር። ውስጡ ቀለም የተቀባ የእንጨት ስብርባሪ አለ፤ ሚስማር አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያ ጥጥ የመሰለው ቡናማ ብናኝ ነው። ጋሼ ዱሮ አናጺ ነበሩ፤ ገና ሲነኩት «ይሄ እንጨት አይደለም፣ ኤምዲኤፍ ነው» አሉ። ኤምዲኤፍ የሚሠራው የእንጨት ክር ፎርማልዳይድ ባለው ሙጫ ተጣብቆ ነው። የፈርኒቸር ቤት ሠራተኛ እንኳ ሲቆርጠው አፍንጫውን ይሸፍናል። ቦራዋን ማስክ ላድርግላት?

እኛ ከጭድ የወጣነው ለምን ሆነና! ጭድ ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ፍጉንም ችግኝ የሚሸጡት ይወስዱልን ነበር። ጉዳቱ ፈረስ ይበላዋል። ጠዋት ስትገባ ግማሹ ጉዝጓዝ ሆዱ ውስጥ ነው። ብዙ ከበላ ደግሞ አንጀቱ ላይ ሊቋጠር ይችላል፤ ፈረስ ማስመለስ እንደማይችል ልብ ይበሉ። በዚያ ላይ በክረምት ይሻግታል። ቦራዋ ታስላለች። ሐኪሟ ድርቆሹን ውሃ እያስነካን እንድንሰጣት፣ ጉዝጓዙንም አቧራ ወደሌለው እንድንቀይር መከረን። ይህን ሁሉ ገና ስናዝ ለሠራተኛችሁ ነግሬዋለሁ። «የምታስል ፈረስ አለችን» ብዬ። «እንግዲያማ የኛ ዕቃ መድኃኒቷ ነው» ነበር መልሱ። አሁን ሳሏ ብሶባታል።

ስለ ኤምዲኤፉ አርብ ዕለት ስጠይቀው ምን አለኝ? «ዶሮ አርቢዎች በገፍ ነው የሚወስዱት፤ አንዱም አማርሮ አያውቅም።» የሥጋ ዶሮ ዕድሜዋ ሁለት ወር አይሞላም። ሳንባዋ ሳይጎዳ ድስት ውስጥ ትገባለች። ፈረስ 25 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይኖራል። ደግሞስ ዶሮዎቹ ለማን አቤት ይበሉ?

ማዳበሪያው ላይ «ከንጹህ እንጨት ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። እንጨቱ ምን ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ድብልቅ ነው» ተባልኩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጥቁር ዋልነት ፍቅፋቂ የተጎዘጎዘላቸው ፈረሶች በአንድ ቀን ውስጥ ሰኮናቸው ውስጡ ተቆጥቶ መራመድ ያቅታቸዋል። ለዚህ መርገጣቸው ብቻ ይበቃል፤ መብላት አያስፈልጋቸውም። ያ ዛፍ እዚህ የለም ትሉኝ ይሆናል። ከየፈርኒቸር ቤቱ ስትሰበስቡ ግን ከውጭ የገባው ጣውላ ምን እንደሆነ እናንተም አታውቁትም። የማታውቁትን ነገር «ንጹህ» ብላችሁ መጻፍ አልነበረባችሁም።

ካነሳሁ አይቀር፣ እስከዛሬ በትዕግሥት ያለፍኳቸውንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጭነት ሲመጣ ሹፌሩ ከበር ወዲያ አልገባም አለ። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ መጥተው የጠየቁትን ከፈልን። «እስከ ጋጣው ድረስ» የሚለው በዋጋው ውስጥ ነበር። ማዳበሪያዎቹ አፋቸው ድረስ አልሞሉም፤ አንዳንዶቹ እርጥብ ነበሩ፤ በክብደት የምትሸጡ ከሆነ ውሃም ሸጣችሁልኛል ማለት ነው። ፎቶ በቴሌግራም ላኩ አላችሁኝ፤ ላክሁ። አይታችሁታል፣ ሁለቱ ምልክቶች ይታዩኛል። መልስ ግን የለም። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሻል» ተባልኩ። አልፈለግሁም፤ ደረሰኝ ቁረጡልኝ አልኩ። እስካሁን የያዝኩት ግን በእስክሪብቶ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ብቻ ናት።

መጀመሪያ ላይ የጠየቅሁት ዕቃው እንዲቀየርልኝ ብቻ ነበር። አሁን መቀየሩን አልፈልግም። ከእንግዲህ ከእናንተ መኪና የሚወርድ ነገር ጋጣችን ውስጥ አይገባም። ገንዘባችን በሙሉ ይመለስ። የጫኝና አውራጁም ይመለስ። የሐኪሙን ደግሞ እናንተ ክፈሉ፤ ዳማው ሊሾ ላይ ያደረው በእናንተ ትዕዛዝ ነው። አጥራችን ሥር የተከመረውን ሰጋቱራ መጥታችሁ አንሱ። ቀን ቀን የጭነት መኪና መሃል ከተማ አይገባም ካላችሁ በሌሊት አንሱ፤ እኛ ሌሊት መጠበቅ ለምደናል። ሕጋዊ ደረሰኝም ይቆረጥልኝ።

ሌላው ስለ ሠራተኛው ነው። ከሥራ ይባረር አልልም፤ ልጅ ነው፣ እንጀራው ነው። ነገር ግን ወደ ጃንሜዳ መጥቶ ጋሼን ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቅ። በስልክ አይሆንም። «አንቱ» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ስጽፍ ጋሼ «ተይው ልጄ፣ ምን ያደርግልሻል» እያሉኝ ነው። አልተውም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ነጋዴው በትህትናና በአክብሮት ሊያስተናግደው እንደሚገባም ያው አዋጅ ይናገራል። መሳቅ የተፈቀደበትን አንቀጽ አላገኘሁም። እስከሚቀጥለው አርብ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ ይህንኑ ደብዳቤ ከፎቶዎቹና ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ለንግድ ቢሮ አስገባለሁ። የደረሰኙንም ጉዳይ ለሚመለከተው አቀርባለሁ።

ናሙናውና የመጣው ዕቃ ጎን ለጎን እኔ ጋር ተቀምጠዋል። ማወዳደር ከፈለጉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ጋጣው ክፍት ነው። ሲመጡ ማግኔት ይዘው ይምጡ፤ ሚስማሩን ለቅመን አልጨረስንም።

ከሰላምታ ጋር
የጋጣው ኃላፊ፣ ጃንሜዳ አካባቢ

አባሪ፦ የሐኪም ደረሰኝ፣ ፎቶዎች፣ በእስክሪብቶ የተጻፈችው ወረቀት ኮፒ