ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ በስፌት መስመር ላይ ስትገኝ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአልባሳት ፋብሪካዎች ስለ ዕድሜ ማረጋገጫና በሥራ ላይ ስለተገኙ ልጆች አያያዝ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ በርካታ ወጣት ሴቶች ከገጠር ቀበሌዎች ለስፌት ሥራ ወደ ከተማችን መጥተዋል። የሚሰፉት ልብስ ባሕር ማዶ ይሸጣል፤ ገዢዎቹም ሕፃን እንዳልሠራበት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ይህ ማረጋገጫ በአንድ የዕድሜ ወረቀት ላይ ብቻ ከቆመ ግን ልጆችን አያድንም።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ዛሬ 14 ወይም 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ቀድመው ስለተወለዱ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ቢኖራቸው እንኳ ዘግይቶ የተሰጠ ነው፤ ብዙውን ጊዜም መነሻው የቤተሰብ ቃል ነው። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ይከላከላል እንጂ የትውልድ ዘመኑ ትክክል መሆኑን በራሱ አይመረምርም። የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። በ2004 ዓ.ም የተወለደች ልጅ በ2018 ዓ.ም 14 ዓመቷ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ኮምፒውተር 2004ን እንደ ፈረንጅ ዘመን ከወሰደው ግን በ2026 የ22 ዓመት ወጣት ሆና ትወጣለች። ቅጹ ላይ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ ማስገባት ወጪ የለውም፤ በመመሪያ ግዴታ ይሁን።

ከዚያ ባሻገር፣ ከተለያየ ቦታ የወጡ ቢያንስ ሁለት ሰነዶች ይመሳከሩ፦ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት፣ የክትባት ካርድ፣ ካለም የክርስትና ካርድ። በቃለ መጠይቅ ጊዜ «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ማለት ብዙም አይጠቅም፤ ደላላው ያስጠናትን ቁጥር ትመልሳለች። አንደኛ ክፍል የገባችው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? የትኛውን ክፍል ደገመች? ታናሿ አሁን ስንተኛ ክፍል ነው? ይህን ሁሉ አስማምቶ መሸምደድ ከባድ ነው። የእጅ አጥንት ራጅ ይነሣ የሚሉ አሉ፤ እኛ እንቃወማለን። እስከ 2 ዓመት ሊስት ስለሚችል 14ን ከ16 አይለይም፣ ልጅቷንም ያለ ሕክምና ምክንያት ለጨረር ያጋልጣል።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠሩም። ችግሩ የስፌት መስመር እንደ ሰንሰለት መሆኑ ላይ ነው። እጅጌ የምትገጥመው ልጅ አንድ ሰዓት ቀድማ ከወጣች ከእርሷ ቀጥሎ ያሉት ሥራ ይፈታሉ። በዚህ የተነሣ አለቃው 16ቱን 18 ብሎ ለመመዝገብ ይፈተናል። መፍትሔው እነዚህን ወጣቶች ከመስመሩ ውጭ፣ ክር መልቀም፣ መለያ ማዘጋጀትና ማጠፍ ላይ መመደብ ነው፤ ከጨርቅ መቁረጫ፣ ከእንፋሎት ካውያና ከእድፍ ማስለቀቂያ ኬሚካል ይራቁ።

ከ15 በታች የሆነች ልጅ ከተገኘችስ? ያኔውኑ ማባረር ትልቁ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ሴናተር ቶም ሃርኪን ሕፃናት የሠሩት ምርት እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ ሲያቀርቡ፣ ሕጉ ሳይጸድቅ የባንግላዴሽ ፋብሪካዎች በፍርሃት ልጆችን አስወጡ፤ ዩኒሴፍ ቁጥራቸውን ወደ 50,000 ገምቷል። ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሱም። ድንጋይ ወደ መፍጨት፣ ወደ ጎዳና፣ ወደ ወሲብ ንግድም የወደቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአገሪቱ የአልባሳት አምራቾች ማኅበር ከዓለም የሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሲስማማ ቅደም ተከተሉ ተስተካከለ፦ የመማሪያ ቦታ ሳይዘጋጅ ልጅ አይሰናበትም፣ ለሚማረው ወርሃዊ ድጎማ ይከፈላል፣ ሥራው ለአዋቂ የቤተሰቡ አባል ይቀርባል።

እኛም በመመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጅቷ በዚያው ቀን ከማሽኑ ትነሣ፤ የሠራችበት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላት፤ ትምህርት እስክትጀምርና ቢያንስ 15 ዓመት እስኪሞላት ቀጣሪው ወርሃዊ ክፍያዋን ይቀጥል፤ ከቤተሰቧ አዋቂ ሰው ይቀጠር። ወጪውን ዋጋ የሚጨቁነው ገዢም እንዲጋራ በውሉ ይግባ። ልጅቷን ወደ መጣችበት አውቶቡስ መልሶ መጫን ብቻውን ወደ ባሰ ሥራ መላክ ነው።

ፋብሪካው በድብቅ ለሌላ ግቢ የሚሰጠውና ልጆች ከቁጥጥር ተሰውረው ሊሰፉበት የሚችሉት ንዑስ ሥራ ደግሞ በሒሳብ ይገኛል። 30 ሰፊዎች በ8 ሰዓት 14,400 ደቂቃ አላቸው። የመስመሩ ውጤታማነት 50 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም ከደቂቃው ግማሹ ብቻ ምርት ላይ ከዋለና አንድ ፖሎ ሸሚዝ 15 ደቂቃ ከፈጀ፣ የቀኑ ምርት 480 ነው። ተቆጣጣሪው የማጓጓዣ ሰነዱ ላይ 900 ካየ፣ ቀሪው የት እንደተሰፋ ይጠይቅ፤ ትርፍ ሰዓት ካልሆነ ሥራው ወደ ሌላ ግቢ ወጥቷል ማለት ነው። ቀድሞ በተነገረ ቀን የሚደረግ ጉብኝት ይህን አያሳይም፤ ሳይነገር ይሂድ፣ ሠራተኞችንም ከአለቆቻቸው ርቆ ያነጋግር።

መመሪያው ሲረቀቅ የሐዋሳ መልማዮች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን በውይይቱ እንዲገኙ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአልባሳት ሥራና በሠራተኞች ደኅንነት ላይ የምንሠራ የሐዋሳ ነዋሪዎች