ለሳጅናችን መታሰቢያ ገመድ እንስቀል

እኔ ጣና ዳር ሻይ የምሸጥ ሰው ነኝ። ጽሑፍ ሙያዬ አይደለም። የእድራችን ኮሚቴ «አንተ ታውቀዋለህ፣ አንተው ጻፍ» ስላለኝ ነው።

ሳጅን ከአዳር ተረኝነት ሲወጣ ቀጭን ሻይ ይጠጣ ነበር። በነፃ አይጠጣም። ዝርዝር ካጣ «ጻፍብኝ» ይላል። ሁለት ሻይ እስካሁን ደብተሬ ላይ አለ።

ባለፈው መስከረም ነው። ጣና ክረምቱን ጠጥቶ ከፍ የሚለው ያኔ ነው፤ በግንቦት በእግር የሚኬድበት ዳር በመስከረም ሰው ያሰጥማል። ልጆች ግን የግንቦቱን ነው የሚያስታውሱት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ፣ ሞገዱ ሦስት ልጆች ወደ ውስጥ ወሰደ። ሳጅን ተረኛ ነበር። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ሬዲዮውን ቆቡ ላይ አስቀመጠና ገባ። ሁለቱን አወጣ። ሦስተኛውን አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ደርሶ አነሣው። ሳጅን አልወጣም። ጫማው እስኪመሽ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ ማንም ሊነካው አልደፈረም።

ሐውልት እናቁም ያልን ነበርን (እኔም አንዱ ነኝ፣ አልክድም)። ባለቤቱ ግን «ሐውልት ምን ያደርግለታል? ያን ቀን አንድ ገመድ ቢኖር ኖሮ ቤቱ ይገባ ነበር» አለችን። እውነቷን ነው። የሚሰጥም ሰው የደረሰለትን አንቆ ይይዛል፤ ዋናተኛውንም ይዞት ይወርዳል። ከዳር ቆሞ የሚወረውር ሰው ግን እሱም ይተርፋል።

ስለዚህ ልጆች በሚዋኙባቸው አራት ቦታዎች የብረት ምሰሶ እንተክላለን። በየምሰሶው ተንሳፋፊ ቀለበትና 30 ሜትር ገመድ ይሰቀላል። ለታንኳ ቀዛፊዎች ደግሞ 20 ላይፍ ጃኬት እንገዛለን። ምሰሶው ላይ የሳጅን ስም ይጻፋል፣ በቃ። ብረቱን የሠፈራችን በያጅ ያለ እጅ ዋጋ ይሠራዋል። ሲሚንቶና አሸዋውን እድሩ ችሏል። የጎደለን የቀለበቱ፣ የገመዱና የጃኬቱ ገንዘብ ነው።

50 ብርም ብትሆን አትናቋት። የሚቀበለው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም እንዳትሰጡ። የገባውና የወጣው በየእሁዱ እድሩ በር ላይ ይለጠፋል። ውጭ ያላችሁ የባሕር ዳር ልጆች በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን።

ጉድጓዱን የምንቆፍረው ውኃው ሳይሞላ፣ በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አካፋ ያለው አካፋውን ይዞ ይምጣ። ሻዩ በኔ ነው፤ ደብተር አላወጣም።