ዐውደ ርዕያችንን ልናድሰው ነው፣ እጃችሁ ያስፈልገናል

ውድ አባላት፣

በቤልጂየም የተጀመረውን የካቶሊክ ወጣቶች ማኅበር፣ የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞች ንቅናቄን ታሪክ የሚያሳየውን ዐውደ ርዕይ ማደስ ጀምረናል። ሰሌዳዎቹ አርጅተዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። አሁን ያለው ታሪኩን የአንድ ቄስ ብቻ አስመስሎታል።

ቄሱ፣ የንቅናቄው መሥራች ዮሴፍ ካርዳይን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቦታቸውን የሚነካ የለም። ግን እ.ኤ.አ. በ1912 ብራስልስ ውስጥ "ላከን" በሚባል ደብር ተመድበው ሥራ ሲጀምሩ አብረዋቸው የቆሙት ወጣት ሴት ሠራተኞች የት አሉ? አንድም ፎቶ የላቸውም! ፈርናን ቶኔና ፖል ጋርሴም እንደዚያው። ንቅናቄውን ከመሠረቱት መካከል ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ዳካው በሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ሞተው፣ እኛ ጋ ያላቸው አንዲት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለእነሱ ሙሉ ሰሌዳ ይሰጣቸዋል።

"ማየት፣ መመዘን፣ መሥራት" የሚለው የንቅናቄው ዘዴም፣ ማለትም ኑሮን አይቶ፣ በወንጌል መዝኖ፣ ለማሻሻል መሥራት፣ ራሱን የቻለ ክፍል ይኖረዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 በሐዋርያዊ መልእክታቸው ያጸደቁት ነገር የተወለደው ከሥራ መልስ ተሰብስበው ስለ ደሞዛቸውና ስለ አለቃቸው ከሚያወሩ ወጣቶች መካከል ነው። ይህን ጎብኚው እንዲያየው እፈልጋለሁ።

ቤታችሁ ያሉ የቆዩ ፎቶዎች፣ የአባልነት መታወቂያዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ ደብዳቤዎች ካሉ አምጡልን። ኮፒ አድርገን እንመልሳለን። እባካችሁ ፎቶ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ፕላስተርም አትለጥፉ፤ ማን እንደሆነና መቼ እንደተነሳ ሌላ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አያይዙት። ስም የሌለው ፎቶም ቢሆን አትጣሉት፣ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም።