ስለ ፓራውልት ሥራ ለደንበኞቻችን

ደብረ ብርሃን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ከእንግዲህ በጋራዣችን የድሮ መኪና ፓራውልት (የግጭት መከላከያውን ብረት) አውልቀን በምትኩ ቧንቧ አንበይድም። «ምነው፣ ትሠሩልን አልነበር እንዴ?» ያላችሁን አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሠርተናል። ጥፋቱም የኛ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ቮልስ መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት ከፊቷ ወፍራም የውሃ ቧንቧ የበየድንላት እኛው ነን። ቆማ ሳለ ፒክአፕ በሪቨርስ መጥቶ ገጫት። ቧንቧው ጭረት እንኳ የለውም። ባለቤቷ «ጥንካሬውን አያችሁ!» እያሉ ነው የገቡት። ኮፈኑን ልንከፍት ስንል እምቢ አለን። ፈልቅቀን ስናይ፣ ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበት ላሜራ ተጨማዷል። ባትላሜራችን ሦስት ቀን ቀጠቀጠው።

ፓራውልት ቀድሞ ሊጎዳ የተሠራ ዕቃ ነው። የቮልስ ኦሪጅናሉ ቀጭን ነው፤ ከጀርባው በብራኬትና በቡሎን ይታሰራል። ሲመታ እሱና ብራኬቱ ይታጠፋሉ፣ ምቱም እዚያው ይበርዳል። ፈትቶ ማቃናት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቧንቧ ግን አይታጠፍም፤ ምቱን ለቦዲው ያቀብላል። አሜሪካኖች ከፈረንጅ 1973 ሞዴል ጀምሮ የፊት ፓራውልት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ግጭት ይቻል የሚል ሕግ ሲያወጡ፣ የ1974 የአሜሪካ ቮልሶች ከፓራውልታቸው ጀርባ ምት የሚውጥ አሞርዛተር ገባላቸው። ብረት ማወፈሩ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ያን ሁሉ ባልደከሙ።

ክሮም በተለበጠ ፓራውልት ላይም አንበይድም። ጭሱ መርዝ ነው፤ በያጃችን ደግሞ የልጆች አባት ነው።

ጣርማ በርን የምትመላለሱ ፓውዛ ትፈልጋላችሁ፤ በዚያ ጉም ማን ይፈርድባችኋል? እንገጥማለን። ግን ፓራውልቱን አንበሳም፤ ክሮም ከተበሳ ዝገቱ ከቀዳዳው ይጀምራል። ከብራኬቱ ቡሎን ጋር የሚታሰር ማቀፊያ እንሠራለን። ዝቅ አድርገን ነው የምናስረው፤ ከፍ ካለ ጉሙ ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል።

የተፈታውን ፓራውልት አትጣሉት። አንድ ደንበኛችን ዘንድ የዶሮ ቤት በር ደግፎ አግኝተነዋል። ከውስጥ በኩል ዝገቱን ፍቀን፣ ቀለም ቀብተን መለስንላቸው።

እኛ የበየድነውን ቧንቧ የእጅ ዋጋ ሳንጠይቅ ቆርጠን እናነሳለን። ቅዳሜ ወረፋ ስለሚበዛ በሌላ ቀን ብትመጡ ይሻላል። ሊብሬ አያስፈልግም፤ ኦሪጅናሉን ፓራውልት ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ሠራተኞች